ጎትላንድ፦ በር የሌለው ባሕር ዳር

ስቶክሆልም ያለን ሐበሾች ሰመር ሲመጣ ወይ አገር ቤት እንገባለን፣ ወይ ስፔንና ግሪክ እንሄዳለን። እዚሁ ባልቲክ ባሕር መሃል ያለችውን ጎትላንድን የሚያስባት ጥቂት ሰው ነው። የስዊድን ትልቋ ደሴት ናት። ስፋቷ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የሚኖርባት ሕዝብ ግን 60,000 ያህል ብቻ። ብዙው ሰው የተሰበሰበው ቪስቢ ከተማና አካባቢዋ ላይ ነው። የቀረው እርሻ፣ ጫካ፣ በግና ባሕር ዳር ነው። እኔ ያማረኝ ይኼ የቀረው ነው።

ጊዜውን መርጬ ነው የሄድኩት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ። ሚድሶማር የሚባለው የስዊድኖች የሰመር አጋማሽ በዓል ካለፈ በኋላ ደሴቲቱ በእረፍተኛ ትሞላለች፣ የማደሪያ ዋጋም ሰማይ ይነካል። በግንቦት ግን መንገዱ ባዶ ነው፣ አበባው ፈክቷል፣ ጠቦቶቹ ተወልደዋል፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ እንኳ ሰማዩ ብርሃን አለው። የጓደኛዬን አሮጌ ቮልቮ ተዋስኩ። ከኋላ ፍራሽ አነጠፍኩ፣ የቡና ዕቃዬን ጫንኩ፣ አለቀ።

እማዬ አዲስ አበባ ሆና ስትሰማ ደነገጠች። «ብቻሽን? ባሕር ዳር? እዚያ ማን አለሽ?» አለችኝ። «ማንም የለኝም እማዬ፣ ለዚያ ነው የምሄደው» አልኳት። መልሱ አልተዋጠላትም። በየማታው እንድደውልላት አስምላ ለቀቀችኝ።

ሐሙስ፦ ቪስቢ

መርከቡ የሚነሳው ከስቶክሆልም በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ካለችው ኒኔስሃምን ነው። ከሦስት ሰዓት ትንሽ በላይ ይወስዳል። ሙሉውን ጊዜ መስኮት ዳር ተቀምጬ ባሕሩን ሳይ ነበር። ቪስቢ ከሩቅ ስትታይ መጀመሪያ የሚመጣው የካቴድራሏ ጥቋቁር ማማ ነው። ቀጥሎ ቅጥሩ ይመጣል።

ቅጥሩን ሳልዞረው አላልፍም ብዬ መኪናውን አቁሜ በእግሬ ጀመርኩ። ርዝመቱ 3.4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብዛኛው በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ዩኔስኮ ከተማዋን በ1995 እ.ኤ.አ. መዝግቧታል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ግንቡ በጣም ያምራል፣ ታሪኩ ግን ከባድ ነው። አጥሩ ከባሕር ለሚመጣ ጠላት ብቻ አልነበረም። በየብስ በኩል ያለው ረጅሙ ክፍል የገጠሩን ሰው ያስቆም ነበር። ከተማው ውስጥ በባልቲክ ንግድ የከበሩ ነጋዴዎች ነበሩ፣ ብዙዎቹም ጀርመኖች። ገጠር ያለው ገበሬም ራሱ ነጋዴ ነበር፣ በገዛ ጀልባው ይነግድ ነበር። በ1288 ሁለቱ ወገኖች ጦር ተማዘዙ።

የባሰው የመጣው በ1361 ነው። የዴንማርኩ ንጉሥ ቫልደማር አተርዳግ ጦሩን ይዞ ደሴቲቱ ላይ ወረደ። ገበሬው እስከ ቅጥሩ ሥር ድረስ እየተዋጋ መጣ። የከተማው ሰው በሩን ዘግቶ ውስጥ ተቀመጠ። ከቅጥሩ ውጭ 1,800 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ከዚያ በኋላ ከተማው እጁን ሰጠ። የጅምላ መቃብሩ ያለበት ቦታ ላይ የድንጋይ መስቀል ቆሟል። ጽሑፉ የወደቁበትን ቀን ጠቅሶ «ጸልዩላቸው» ይላል። እኔም አማተብኩና ትንሽ ቆምኩ። የሞቱትን ማን እንደዘጋባቸው ግን መስቀሉ ላይ አልተጻፈም።

ማታ ከከተማው ወደ ደቡብ ትንሽ ነድቼ ሆግክሊንት የሚባለው ገደል አፍ ላይ ሄድኩ። ከ40 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። አጥር የለውም። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ባሕሩ ላይ የተዘረጋው ቀለም ይኼ ነው ለማለት ይከብዳል። ወደ ጫፉ አትጠጉ እንጂ ሂዱ።

ዓርብ፦ ወደ ሰሜን

ከቪስቢ ወደ ሰሜን የሚወስደው 149 ቁጥር መንገድ ባሕሩን ተከትሎ ይሄዳል። ሉመሉንዳ የሚባል ታዋቂ ዋሻ አለ፤ አለፍኩት። እኔ የቸኮልኩት ሊከርስሃምን ለመድረስ ነበር።

ሊከርስሃምን ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ነው። ከወደቡ ዳር ሽቅብ በእግር ሲወጣ «ልጃገረዷ» የሚሏት የድንጋይ ዓምድ ገደሉ ላይ ብቻዋን ቆማለች። ቁመቷ 11 ሜትር ተኩል ያህል ነው። የደሴቲቱ ሰዎች እንዲህ ያለውን ዓምድ ራውክ ይሉታል። ጎትላንድን ጎትላንድ ያደረጋት ይኼ ድንጋይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ 420 ሚሊዮን ዓመትና ከዚያ በላይ ይኼ መሬት የምድር ወገብ አጠገብ የነበረ ሞቃት ባሕር ነበር። ጥልቀት አልነበረውም። ኮራሎችና ሌሎች ቅርፊታም ፍጥረታት አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ ጉብታ ሠሩ፣ ጉብታው የኖራ ድንጋይ ሆነ። መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ሰሜን ተጓዘ። በበረዶው ዘመን ወፍራም በረዶ ተጭኖት ኖረ። በረዶው ሲቀልጥ ሸክሙ የቀለለው መሬት ከባሕር ቀና ማለት ጀመረ። ማዕበሉ በዙሪያው ያለውን ለስላሳውን ድንጋይ በልቶ ጨረሰው፣ ጠንካራው የኮራል ድንጋይ ግን ቆሞ ቀረ። ራውክ ማለት እሱ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሄደ ሰው የዓባይን በረሃ ያስታውሳል። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ ከመኪናው መስኮት የምናየው ነጣ ያለ ድንጋይም የኖራ ድንጋይ ነው። ያም ባሕር የሠራው ነው። ዕድሜው ግን ከጎትላንዱ በጣም ያንሳል፣ ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን ነው የተሠራው። ልጃገረዷ ሥር ቁጭ ብዬ ቡናዬን እየጠጣሁ ስለሁለቱ ባሕሮች ሳስብ ቆየሁ። ሁለቱም ሸሽተዋል፣ ድንጋያቸው ግን አለ።

ከሰዓት በኋላ ፎሮሱንድ ደረስኩ። ፎሮ ከጎትላንድ ጫፍ በጠባብ ወሽመጥ የተለየች ትንሽ ደሴት ናት። ድልድይ የላትም። ቢጫ ጀልባ መኪናውንም ሰውንም ያሻግራል። ክፍያ የለም፣ ምክንያቱም ጀልባዋ የመንገዱ አካል ተደርጋ ነው የምትቆጠረው። ከአሥር ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማዶ ነበርኩ።

የተከራየሁት ጎጆ ባለቤት አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። መኪናዬን ሳቆም በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው መረብ ይጠግኑ ነበር። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «አበበ ቢቂላ!» አሉኝ ወዲያው፣ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው በፕላስቲክ ጀሪካን የሆነ ነገር ይዘው ወጡ። የጎትላንድ ድሪካ ይባላል፣ ቤት የሚጠመቅ መጠጥ ነው። ብቅሉ በበርች እንጨት ጭስ ይደርቃል። ውሃው ከጥድ ቅርንጫፍ ጋር ይፈላል። በመጠኑ ድፍርስ ብሎ ቡናማ ነው። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ጭሱ ቀድሞ መጣ። ጋኑን በወይራ አጥና ጠላ የምትጠምቅ አያት የነበረችው ሰው ይኼን ሽታ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ጎንጨት አልኩና ዝም አልኩ። «አልወደድሽውም?» አሉኝ። «አያቴን አስታወሱኝ» አልኳቸው። ከዚያ ስለ ጌሾ ጠየቁኝ፣ ስለ ጋን ጠየቁኝ፣ ስለ ጥንስሱ ጠየቁኝ። እሳቸውም የብቅላቸውን ማድረቂያ አሳዩኝ፣ በጥላሸት ጠቁሯል። ሲመሽ ገብተን የበግ ሥጋ በድንች ብዪ እንጂ ብለው አቀረቡልኝ። በዓለ ሃምሳ ነውና ዓርብ ቢሆንም ጾም የለም፣ በላሁ።

ቅዳሜ፦ ፎሮ

በጠዋት ተነስቼ ላንግሃማርስ ሄድኩ። የመጨረሻው መንገድ ጠጠር ነው። በመሃል መሬቱ ላይ የብረት ዘንጎች ተደርድረውበታል፤ መኪና ያልፍበታል፣ በግ ግን እግሯ ስለሚገባ አታልፍም። ከዚያ ወዲያ መንገዱም ሜዳውም የበጎቹ ነው። ፎሮ ላይ የሚኖረው ሰው 500 ያህል ነው፣ በጉ ግን በየሄዱበት አለ። በየሜዳው ጣሪያቸው እስከ መሬት ሊደርስ ምንም ያልቀረው የሣር ክዳን ጎጆዎች ይታያሉ። የሰው ቤት መስሎኝ ነበር፣ የበጎቹ መጠለያ ነው። ክዳኑ ረግረግ ላይ ከሚበቅል ስለታም ሣር ነው። ክዳን ለመክደን ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሲያልቅ ድግስ ነው።

ላንግሃማርስ ባሕር ዳር የራውክ መንደር ነው ማለት ይቻላል። ግራጫ ዓምዶች፣ አንዳንዶቹ ከቤት የሚበልጡ፣ ነጭ ጠጠር ላይ ቆመዋል። ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ተንበርክኬ ጠጠሩን ማየት ጀመርኩ። እዚህ ጋ ቁመትን ሳይሆን መሬትን ማየት ነው። ከጥፍሬ የሚያንስ፣ ክብ፣ መሃሉ የተበሳ ድንጋይ አገኘሁ። የባሕር አበባ የሚሏት ፍጥረት ግንድ ቁራጭ ነው። ስሟ አበባ ይሁን እንጂ እንስሳ ናት። አጠገቡ የማር እንጀራ ዓይነት ቀዳዳ ያለው ኮራል አለ። አየሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። ጥብቅ ቦታ ስለሆነ ድንጋይ ማንሳት ክልክል ነው። ቢፈቀድም ማንሳት ያለብን አይመስለኝም። በየዓመቱ የሚመጣው ሰው ሁሉ አንዳንድ ቢይዝ ምን ይተርፋል?

ከላንግሃማርስ ዲገርሁቩድ ድረስ ያለው መንገድ ባሕሩን ጠርዝ ለጠርዝ ይከተላል። ቀስ ብዬ ነዳሁ። በስተቀኝ ወይም በስተግራ፣ እንደ አቅጣጫችሁ፣ ኪሎ ሜትሮች የሚዘልቅ የራውክ ሰልፍ አለ። በመሃል ሄልጉማነን የሚባል የድሮ የአጥማጆች ሰፈር አገኘሁ። ጠቆር ያሉ ትንንሽ የእንጨት ጎጆዎች ጠጠሩ ላይ ተደርድረዋል። ጀልባ የሚጎተትባቸው ግንዶች አሁንም ከፊታቸው አሉ። እነዚህ ጎጆዎች ቋሚ ቤት አልነበሩም። ሰውዬው ገበሬ ነው፣ ቤቱ ከባሕሩ ገባ ብሎ ነው። ዓሣው የሚመጣበት ወቅት ሲደርስ ለጥቂት ቀናት እዚህ ይሰፍራል፣ ሲያልቅ ወደ ማሳው ይመለሳል። ያገሬው ሰው ገበሬም አጥማጅም ነበር። አንዱ ብቻ አያበላም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ነገር ልናገር፣ ቀኑን ሙሉ ልቤ ውስጥ ሲመላለስ ስለዋለ። እስካሁን ባሕር ዳር ለመግባት የጠየቀኝ ሰው የለም። ትኬት የለም፣ ዘበኛ የለም፣ «ወንበር ላይ ከተቀመጡ ማዘዝ አለብዎ» የለም። ስዊድን ውስጥ በማንኛውም ሰው መሬት ላይ፣ ሰብል እስካልረገጥክና ቤት እስካልተጠጋህ ድረስ፣ በእግር መሄድ ይፈቀዳል። ቤሪ መልቀም ይፈቀዳል። በተጨማሪ ባሕርና ሐይቅ ዳር፣ በአብዛኛው 100 ሜትር ውስጥ፣ እንዲሁ ተነስቶ ቤት መሥራት በሕግ ተከልክሏል። ሀብታም ሁን ድሃ፣ ዜጋ ሁን ስደተኛ፣ ውሃው ዳር ትደርሳለህ። እኔ ቢሾፍቱ እየተመላለስኩ ነው ያደግኩት። ሐይቁን በብዙው ቦታ የምናየው በሆቴል ግቢ በኩል ነበር። ገንዘብ ከሌለ ከግንብ ጀርባ ውሃውን ማሽተት ነው። አገራችን ሐይቅ አላጣችም፣ የሚያምር ዳርቻም አላጣችም። ልጆቻችን በነፃ እግራቸውን የሚያስነክሩበት መቶ ሜትር ቢቀመጥላቸው ምን ይጎድላል? ይኼን ስጽፍ ከልቤ ነው።

ግን ፎሮም ሁልጊዜ ክፍት አልነበረችም። በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ሰሜን ጎትላንድና ፎሮ ወታደራዊ ክልል ነበሩ። የውጭ አገር ዜጋ እንደልቡ አይገባም ነበር። ይኼ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ቆይቷል። በየመንገዱ ዳር በተለያየ ቋንቋ የተጻፈ የክልከላ ሰሌዳ ቆሞ እንደነበር ሽማግሌው ነገሩኝ። ያኔ ብመጣ እኔ ጀልባዋ ጋ ነበር የምመለሰው። ሠራዊቱ ከዚያ በኋላ ቀንሶ ነበር፤ በ2018 የጎትላንድ ክፍለ ጦር እንደገና ተቋቁሟል። ባሕሩ ማዶ ምን እንዳለ የዚህ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ከሰዓት ጋምለ ሃምን ሄድኩ። የጥንት ወደብ ነበር፣ አሁን ጠጠር ዘግቶት ትንሽ ሐይቅ ሆኗል። አጠገቡ መሃሉ የተበሳ ዝነኛ ራውክ አለ። አንዳንዱ «ውሻው» ይለዋል፣ አንዳንዱ «የቡና ማንቆርቆሪያው»። ከየትኛው ጎን እንደቆምክ ይወሰናል። ሱደርሳንድ የተባለው ረጅም የአሸዋ ዳርቻም ደርሻለሁ። ልጆች ላሉት ሰው ግሩም ነው። ውሃው ግን ገና በረዶ ነው፤ እግሬን ነክሬ ወጣሁ።

እሑድ፦ ምሥራቁ ዳርቻ

ጠዋት የፎሮ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ገባሁ። ከሃያ አይበልጥም ነበር ሰዉ። ግድግዳው ላይ በ1618 የተሠራ ሥዕል ተሰቅሏል። ለባሕር አንበሳ ዘመድ ለሆነችው ለሲል አደን የወጡ የፎሮ ሰዎች የቆሙበት በረዶ ተገምሶ ወደ ባሕር ይዟቸው ሲሄድ ያሳያል። ተርፈው ሲመለሱ ለእግዚአብሔር ስለት አድርገው ያሠሩት ነው። ጽላት ፊት ስለት የሚያስገባ ሰው አገር ስላደግኩ ሥዕሉ ሳይተረጎምልኝ ገባኝ።

መቃብር ቦታው ውስጥ የፊልም ዳይሬክተሩ ኢንግማር በርግማን ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል። በ1960 ለፊልም ቦታ ሲፈልግ ነው እዚህ የመጣው፣ ቀርቶ ቤት ሠራ፣ በ2007 እዚሁ አረፈ። በሕይወት እያለ እንግዳ ሰው መጥቶ ቤቱን ሲጠይቅ የፎሮ ሰዎች አያሳዩም ነበር። ጎረቤት ማለት ይኼ ነው።

ሽማግሌውን ተሰናብቼ በጀልባዋ ተመለስኩ፣ ከዚያ በምሥራቅ በኩል ቁልቁል። ስሊተ ላይ የደሴቲቱ የኖራ ድንጋይ ሲሚንቶ ይሆናል። ከስዊድን ሲሚንቶ ብዙው እጅ የሚወጣው ከዚህ ነው። ቁፋሮው የከርሰ ምድር ውሃ ይነካል በሚል በ2021 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ አገር አነጋግሮ ነበር። ፋብሪካው ከሩቅ ይታያል። ሰው ሥራ ይፈልጋል፣ ውሃም ይፈልጋል። አልቆምኩም።

ኦስተርጋርን የሚባለው ልሳነ ምድር ላይ ግን ቆየሁ። ሄርቪክ ወደብ ላይ የተጨሰ ዓሣ ገዝቼ ጀልባዎቹን እያየሁ በጣቴ በላሁ። ቆዳው ወርቅማ ነው፣ በአንዴ ይላቀቃል። ዳቦና ቅቤ፣ ሌላ አያስፈልገውም። እዚህ ዳርቻ በሐምሌ 1915 አልባትሮስ የተባለ የጀርመን የጦር መርከብ በሩሲያ መርከቦች ተመትቶ መሬት ላይ ወጥቷል። ስዊድን ገለልተኛ ነበረች። የመንደሩ ሰው ግን ወርዶ ቁስለኛውን አነሳ፣ ሟቾቹን ኦስተርጋርን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቀበረ።

ከዚያ በኋላም ይኼ ዳርቻ ሰው ተቀብሏል። በ1944 መኸር የሶቪየት ጦር ወደ ባልቲክ አገሮች ሲመለስ ኢስቶኒያውያንና ላትቪያውያን በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ተጭነው ሸሹ። ከላትቪያ ዳርቻ እስከዚህ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው። ሺዎች ጎትላንድና ፎሮ ደረሱ፣ ያልደረሱም አሉ። ድንጋዩ ላይ ቆሜ ወደ ምሥራቅ አየሁ። ምንም አይታይም፣ ውሃ ብቻ። የእኛም ልጆች ከኦቦክ ወደ የመን፣ ከሊቢያ ወደ ጣሊያን እንዲህ ባለ ውሃ ላይ ናቸው። ከነሱ አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ደርሷል፣ ተመስገን። ያልደረሱትን ስም የሚያውቅ ግን በየቤቱ አለ።

ማታ ዩጋርን አደርኩ። የድሮ የመዝናኛ ሰፈር ነው። ፎልሃማር የሚባሉት ራውኮች ከዚያ ቅርብ ናቸው፣ በእግር ይደረሳል። ለእማዬ ስደውል ስለ ጀልባዎቹ አልነገርኳትም፤ ስለ ዓሣው ብቻ ነገርኳት።

ሰኞ፦ እስከ ደቡብ ጫፍ

ኔርስሆልመን ላይ ቀይ የመብራት ማማ አለ፣ በ1872 የተሠራ። ሜዳው ጠፍጣፋ ነው፣ በግና ወፍ ብቻ። በግንቦት ወፎቹ መሬት ላይ ስለሚፈለፍሉ የማይገባባቸው ቦታዎች ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ምልክቱን ማክበር ነው። ከዚያ እስከ ደቡብ ጫፍ ሆቡርገን ድረስ ነዳሁ። ገደሉ ላይ ትልቅ አፍንጫ ያለው የሽማግሌ ፊት የመሰለ ድንጋይ አለ። ሰው የሚመጣው ለእሱ ነው። እኔ ከእሱ ይልቅ ኬተልቪከን ላይ ያለውን የድንጋይ ሥራ ቦታ ወደድኩት። የደቡቡ ድንጋይ አሸዋማ ነው። ለረጅም ዘመን ከዚህ እየተፈለጠ የስለት መሳያ ድንጋይ ሆኖ ወደ ባልቲክ አገሮች ሁሉ ይላክ ነበር። ጅምሩ ላይ የቀሩ ክብ ድንጋዮች አሁንም መሬት ላይ ተጋድመዋል፣ የመሮው ምት አንድ በአንድ ይታያል። እጄን አሳረፍኩበት፣ ሻካራ ነው።

በምዕራብ በኩል ወደ ሰሜን ስመለስ ዝናብ ጀመረ። ኮቪክ ስደርስ አባራ። ኮቪክ የድሮ የአጥማጆች ጎጆዎች እንደነበሩ የተጠበቁበት ቦታ ነው። በሩ ክፍት ነው፣ ገብታችሁ መረቡን፣ ጀልባውን፣ ውሃ የማያስገባውን የአጥማጅ ልብስ ማየት ትችላላችሁ። አጠገቡ በባሕር ለቀሩት መታሰቢያ የሆነ ትንሽ የድንጋይ ጸሎት ቤት አለ። ውስጡ የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች አሉ፣ ባሕሩ ይሰማል። ከመሠዊያው ይልቅ ከኋላ ተቀመጥኩ። ከዚያ ዳር ቆሞ ሲያዩ ሁለቱ የካርልሶ ደሴቶች ምዕራብ ላይ ይታያሉ።

ማክሰኞ፦ ስቶራ ካርልሶ

መኪናውን ክሊንተሃምን ወደብ ላይ ትቼ በጠዋቱ ጀልባ ስቶራ ካርልሶ ሄድኩ። መኪና እዚያ አይገባም። ደሴቷን በ1880 የተቋቋመ ማኅበር ነው የሚጠብቃት፤ በዓለም ላይ በቀደሙት ጥብቅ የተፈጥሮ ቦታዎች ተርታ ትጠቀሳለች። ከዚያ በፊት ወፎቹ በአደንና እንቁላላቸው በመለቀሙ ሊያልቁ ተቃርበው ነበር።

አሁን ገደሉ ጥቁርና ነጭ ለባሽ ወፍ ሞልቶታል፣ አስር ሺዎች ይሆናሉ። ጊለሞት ይባላሉ። ጎጆ አይሠሩም። እንቁላላቸውን ባዶ ድንጋይ ላይ፣ ከእጅ መዳፍ በማይሰፋ ጠርዝ ላይ ይጥላሉ። እንቁላሉ በአንድ ጎኑ ሾል ያለ ነው። አስጎብኚያችን አንድ ሴት ወጣት ናት። ጫጩቶቹ ክንፋቸው ሳይጠና፣ በሰኔ አመሻሽ ላይ፣ ከገደሉ ወደ ታች እንደሚዘሉ ነገረችን። አባት ባሕሩ ላይ ሆኖ ይጣራል፣ ጫጩቱ ድምፁን ለይቶ ይዘላል። ጠጠር ላይ ይወድቃል፣ ነጥሮ ይነሳል፣ ወደ ውሃው ይሮጣል። እኔ ስሄድ ገና አልደረሰም። ጩኸቱ ግን ጆሮ ይሞላል፣ ሽታውም አፍንጫ።

ሜዳው ላይ «አዳምና ሔዋን» የሚሉት ኦርኪድ ማብቂያው ላይ ደርሼበታለሁ። ቢጫና ቀይ ወይንጠጅ ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ጎን ለጎን ይበቅላል። ከመብራት ማማው ሥር ምሳዬን በላሁ። የመጨረሻው ቡናዬም እዚያው አለቀ።

ለምትሄዱ ጥቂት ነገር ልበል። የመርከቡን የመኪና ቦታ ቀድማችሁ ያዙ፣ በሰመር ያልቃል። ነዳጅ ደግሞ ቪስቢ ሙሉ፣ ገጠሩ ውስጥ ማደያ ከማደያ ይራራቃል። ለካርልሶም ጀልባውን ቀድሞ መያዝ ይሻላል።

ያልደረስኩበት ጎትስካ ሳንዶን ነው። ከፎሮ ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለች የአሸዋ ደሴት ናት፤ ስዊድን በ1909 ካቋቋመቻቸው የመጀመሪያዎቹ ብሔራዊ ፓርኮች አንዱ እዚያ ነው። ጀልባው በሰመር ብቻ ነው የሚሄደው፣ ባሕሩ ከተናወጠም ይቀራል። ወደብ ስለሌላት ዳርቻው ላይ ነው የሚወረደው። ሱቅ የለም፣ ምግብ ይዞ መግባት ነው። ድንኳን ከአንድ ወዳጄ አግኝቻለሁ፣ ፈቃድም ከሥራ ጠይቄያለሁ።